ግድግዳው የማን ነው? የጌጥ ሐረግና የይዞታ ታሪክ በክሬሰንት ታውን

ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ ለጌጥ ሐረግ ማሳደግ ከጓሮ ሥራ ሁሉ ቀላሉ ይመስላል። ከግድግዳው ሥር ይቆፈራል፣ ችግኙ ይተከላል፣ ሽቦ ወይም የእንጨት ፍርግርግ ይዘረጋል፤ የቀረውን ተክሉ ራሱ ይወጣዋል። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ግን ፀሐይና ግድግዳ በተገናኙበት ሁሉ ሐረግ በታየ ነበር። በቶሮንቶ ምሥራቅ፣ ከቪክቶሪያ ፓርክ የምድር ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው ክሬሰንት ታውን ወደ ደቡብ የዞረ ግድግዳ አላጣም፤ ሰፈሩ ከተሠራም ሃምሳ ዓመት አልፎታል። በረጃጅሞቹ ፎቆች ላይ የሚገኘው ሐረግ ግን በአብዛኛው በየበረንዳው በሳጥን አፈር የሚበቅል፣ የመጀመሪያው ውርጭ ሲወርድ የሚጠወልግ የአንድ ወቅት ተክል ነው። ብዙ ሰው በብርዱ ያሳብባል። ሌላው ደግሞ ስደተኛ ለጌጥ ሳይሆን ለድስቱ ነው የሚተክለው ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው፤ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ይመስለኛል። የጌጥ ሐረግ ታሪክ ከአየርና ከምርጫ ታሪክ ይልቅ የይዞታ ታሪክ ነው። ሐረግ ተካይ ሦስት ነገር ባንድ ላይ ያሻዋል፦ ከግድግዳው ሥር ያለውን አፈር፣ የግድግዳውን የውጭ ገጽ፣ ከዚያም ዓመታትን። ከሦስቱ አንዱ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ሐረጉ ወይ አይተከልም፣ ወይ በዓመቱ የሚያልቅ ተክል ይተካዋል።

ዓመታት ስል የምሬን ነው። ቻርልስ ዳርዊን ሐረጎች እንዴት እንደሚወጡ ያጠናበትን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1865 ለለንደኑ ሊኒየን ማኅበር አቅርቦ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ በመጽሐፍ አሳትሞታል። ከመረመራቸው ተክሎች አንዱ ቨርጂኒያ ክሪፐር ነው፤ ቶሮንቶ ባለችበት በኦንታሪዮ ግዛት ጫካዎች ዛፍ ላይ የሚወጣው፣ በመኸር እንደ ደም የሚቀላው ሐረግ። የመያዣ ክሩ ግድግዳ ሲነካ በየጫፉ ጥቃቅን ንጣፎች ያወጣል፤ በእነሱም ይለጠፋል። የሚይዘው ያጣ ክር በሳምንት በሁለት ሳምንት ሟሽሾ ይረግፋል። የያዘው ግን ይጠመዘዛል፣ ይወፍራል፤ በበረዶው ወራት ቢሞት እንኳ እንደተለጠፈ ይቀራል። ዳርዊን ቢያንስ ዐሥር ዓመት ይሆነዋል ብሎ የገመተውን አንድ የደረቀ የክር ቅርንጫፍ በሁለት ፓውንድ፣ ማለትም አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ክብደት ፈተነው፤ ቻለው። አምስት ቅርንጫፍ ያለው ሙሉው ክርም ዐሥር ፓውንድ ሳይችል አይቀርም ብሎ አሰበ። እንግዲህ ፎቅ የሚያለብስ ሐረግ ማለት ሕያው ግንድና ቅጠል ብቻ አይደለም፤ የብዙ ዓመት ሙታን ክሮች የተሸከሙት ነገር ነው። ሌሎቹም ቢሆኑ አይቸኩሉም። ዊስቴሪያ ከዘር ከበቀለ አበባ እስኪያሳይ ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ክሌማቲስ ፈጥኖ ያብባል፤ ሥሩ ግን ጥላና እርጥበት፣ ራሱ ፀሐይ ይፈልጋል። የግድግዳ ግርጌ ደግሞ ዝናብ የማይደርስበት ደረቅ ቦታ ስለሆነ ችግኙ ሠላሳ አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ተደርጎ ተተክሎ ወደ ግድግዳው ይዘነበላል። ይህች ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ትንሽ ትመስላለች። ተካዩ ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን ከፊቱ ያለችውን ጭረት መሬትም እንዲይዝ የምታስገድደው ግን እሷ ናት።

ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ የትኛው እንደሆነም አገር ይወስነዋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስላለች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ያልፋል፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ። በታኅሣሥም ቢሆን በቀትር ከ57 ዲግሪ በታች አይወርድም። ስለዚህ የትኛውም ግድግዳ ተራውን ጠብቆ ፀሐይ ያገኛል፤ ጥሩውን የሚያገኙት የጠዋትና የከሰዓቱ፣ የምሥራቅና የምዕራቡ ናቸው። ቦታ ገዝቶ ቤት የሚሠራ አዲስ አበቤ ስለ ውሃ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ጎረቤት ይጠይቃል፤ የደቡብ ግድግዳ የትኛው ነው ብሎ ግን አይጨነቅም። ቶሮንቶ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። በ43 ዲግሪ ተኩል ገደማ ኬክሮስ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከደቡብ አይወጣም፤ በሰኔ ወደ 70 ዲግሪ ይደርሳል፣ በታኅሣሥ ወደ 23 ይወርዳል። የሰሜኑ ግድግዳ አብዛኛውን ዓመት ጨለማ ነው። የደቡቡ ግን ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ማታ መልሶ ይተፋል፤ ከሥሩ ያለውን ተክልም ከአንድ ሁለት ውርጭ ያተርፈዋል። በእንዲህ ዓይነት አገር የደቡብ ግድግዳ እንደ ምንጭ ውሃ የሚቆጠር ሀብት ነው። በፓሪስ ምሥራቅ የሞንትረይ ገበሬዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ግድግዳ የገነቡት ቤት ሊሠሩበት ሳይሆን ኮክ ሊያስደግፉበት ነበር። ሀብት ከሆነ ደግሞ ባለቤት አለው፤ ጥያቄውም ከዚያ ይጀምራል።

ክሬሰንት ታውን የቆመበት መሬት ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ የታወቀ ነበር። ኢትዮጵያዊ አንባቢ በማሲ ፈርጉሰን ትራክተር ስሙን የሚያውቀው የማሲ ቤተሰብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ የከበረ የቶሮንቶ ቤተሰብ ነው። ከልጆቹ አንዱ ዋልተር ማሲ እ.ኤ.አ. በ1897 እዚህ 240 ኤከር፣ ወደ 97 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ገዝቶ በባለቤቱ በሱዛን ዴንተን ስም ዴንቶኒያ ፓርክ እርሻ ብሎ ሰየመው። የወተት ላም፣ ዶሮ፣ የዓሣ ኩሬ ነበረው። ከተማው በቆሸሸ ወተት ሕፃናት የሚያጣበት ዘመን ስለነበር ዋልተር በ1900 ሲቲ ዴይሪ የተባለውን የንጹሕ ወተት ድርጅት አቋቋመ። በተከታዩ ዓመት በታይፎይድ ሞተ፤ ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነበር። ንጹሕ ወተት ሲያሳድድ የነበረ ሰው በታይፎይድ መሞቱ የዕጣ ምፀት ነው፤ ለኛ ጉዳይ የሚበጀው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ሱዛን ማሲ እርሻውን ይዛ ቆየች። ልጇ ዶሮቲ በ1921 በዶውስ መንገድ ላይ ከባሏ ከጎልዲንግ ጋር ቤት ሠራች፤ ያ ቤት ዛሬም ቆሟል፣ የሕፃናት ቲያትር ቤት ሆኖም አገልግሏል። በ1926 የመሬቱ ክፍል ለከተማው መናፈሻ ተሰጠ፤ በ1933 ደግሞ ዋናው መኖሪያና ዙሪያው ክሬሰንት ለተባለ የወንዶች ትምህርት ቤት ተላለፈ። ከ1897 እስከ 1933 ሠላሳ ስድስት ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከዘር የተነሳ ዊስቴሪያ አብቦ፣ አርጅቶ፣ ግንዱ እንደ ክንድ ወፍሮ ይገኛል። የዚያ ቤተሰብ ሰው በግድግዳው ላይ ምን ልትከል ቢል የሚጠይቀው ማንንም አልነበረም፤ የሚቆርጥለትና የሚያስርለት ሠራተኛም አልቸገረውም። በዚያው ዘመን ሐረግ የለበሰ ግድግዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የድንጋይ ሕንፃዎችና የባለጸጋ ቤቶች ምልክት የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ዩኒቨርሲቲና ባለጸጋ የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር ነገም እዚያው እንደሚሆኑ ማወቃቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ፈጣን ነው። የምድር ባቡሩ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1968 ቪክቶሪያ ፓርክ ደረሰ፤ መሬቱ ተወደደ፤ ትምህርት ቤቱ መሬቱን ሸጦ ወደ ቤይቪው ጎዳና ሄደ፤ ስሙን ግን ለሰፈሩ ትቶ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የዘመኑ አዲስ የከተማ ሐሳብ ወደ ኮንክሪት ተለወጠ፦ መኪና ከታች፣ እግረኛ ከላይ፣ ፎቆቹና የረድፍ ቤቶቹ ከፍ ባለ መድረክና በመተላለፊያ ድልድይ የተያያዙ፣ ድልድዩም እስከ ጣቢያው የሚዘልቅ። ነዋሪው መሬት ሳይረግጥ ከቤቱ ወደ ባቡሩ ይደርሳል። ለእናቶችና ለሕፃናት ደኅንነት ብልህ ሐሳብ ነበር፤ ማሾፌ አይደለም። ቤቶቹ ከፊሉ ኪራይ፣ ከፊሉ ኮንዶሚኒየም ሆኑ። ኮንዶሚኒየም በኦንታሪዮ ሕጋዊ መልክ ያገኘው በ1967 በወጣ ሕግ ስለሆነ ክሬሰንት ታውን ከሕጉ የበኩር ልጆች መካከል ይቆጠራል። ሕጉ ያመጣው ትልቅ ለውጥ ግድግዳን ለሁለት መክፈሉ ነው። ቤት የገዛ ሰው ከቀለሙ ወዲህ ያለው የእሱ ነው፤ የውጭው ገጽ፣ ፀሐይ የሚመታው ገጽ፣ የጋራ ንብረት ነው። በረንዳውም ብዙ ጊዜ እሱ ብቻ የሚጠቀምበት የጋራ ንብረት ተብሎ ይመዘገባል። እዚህ ላይ ተከራይም ባለቤትም እኩል ናቸው፤ ለሐረግ ሽቦ አንድ ብሎን ለመምታት ሁለቱም ሌላ ሰው ይጠይቃሉ።

በአቆጣጠር ይለያዩ እንጂ በኢትዮጵያም "1967" የግድግዳን ባለቤት የለወጠ ዓመት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ቦታ ተፈቀደ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ገቡ። ይህ ክፍፍል ሳያስበው ሊጠቅመን ይችላል። የቀበሌ ቤት ነዋሪ ለዐሥርተ ዓመታት በጥቂት ብር ኪራይ ኖሯል፤ ስለዚህ ዓመታት ነበሩት። ያጣው ሌሎቹን ሁለቱን ነው። ግድግዳውን ማደስ፣ መቀጠል፣ ማፍረስ የቀበሌው ፈቃድ ነበር፤ ግቢውም የብዙ አባወራ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ደግሞ ሰፈሩ ለልማት ይነሳል የሚለው ወሬ ዓመታቱንም አሳጠራቸው። በኪራይ ቤቶች ሥር የገቡት ቪላዎች ግን ግቢያቸውንና የድንጋይ አጥራቸውን ይዘው ነው የመጡት። ቡገንቪሊያው በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ መንገደኛውን የሚያይባቸው ቤቶች እነዚህና የግል ቤቶች እንጂ የቀበሌዎቹ አይደሉም። የቀበሌ ቤት ነዋሪ አበባ አይወድም የሚል ሰው ካለ በየደጁ በዘይት ጣሳና በተሰነጠቀ ባልዲ የተተከለውን አበባ አላየም ማለት ነው። የክሬሰንት ታውን በረንዳ ሳጥንና የአዲስ አበባው የዘይት ጣሳ የአንድ ችግር ሁለት መልኮች ናቸው፤ ሁለቱም ተካዩ ሲነሳ ይዞት የሚሄደው አፈር ናቸው።

ወደ ኋላ ርቀን ብናይ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። የኢትዮጵያ ደጋ የሐረግ ድሃ አይደለም። ጠምበለል፣ ያ ነጭና ሽታው የሚያውድ የአበሻ ጃስሚን፣ በየጫካው ዳር ይወጣል። ያዞ ሐረግ የክሌማቲስ ዘመድ ነው፤ የሳይንስ ስሙም ከሰሜን ተራሮች የተወሰደ ነው። ቀጋ በአፍሪካ ደጋ በተፈጥሮ የሚበቅል ጽጌረዳ ሲሆን ሌላው ቁጥቋጦ ላይ ተደግፎ ይወጣል። አበባውና ፀሐዩ ካለ፣ በርስቱ ላይ ትውልድ የሚቆጥር ገበሬ ካለ፣ ለምን በቤቱ ግድግዳ ላይ አላወጣቸውም? የይዞታ ክርክሬ እዚህ ይንገዳገዳል፤ ርስተኛው ከማንም በላይ ዓመታት ነበሩት። መልሱ ያለው በግድግዳው ላይ ነው። የጭቃ ግድግዳ ዕድሜው በድርቀቱ ነው፤ ክዳኑ ወደ ውጭ ተዘርግቶ ዝናቡን የሚያርቅለትም ለዚሁ ነው። ቅጠል የሚያለብሰው፣ እርጥበት የሚያምቅበት ሐረግ ጭቃውን ያፈርሰዋል፣ ምስጥና አይጥም ይጠራበታል። ስለዚህ የገበሬው ሐረግ ወደ አጥሩ ሄደ፤ ቅሉም ዱባውም እዚያ ይወጣሉ። ጌጡ ደግሞ ወደ ብራና ሄደ። የመዝሙረ ዳዊትና የወንጌል መጻሕፍት ገጾች አናት በቀይ፣ በቢጫ፣ በሰማያዊ የተጠላለፈ ሐረግ ሲለብሱ የምናየው ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ነው፤ ጸሐፊው ግድግዳ ላይ ያልዘረጋውን በመስመርና በቀለም ዘርግቶታል። ለእውነተኛው ሐረግ የሚሆን የድንጋይ ግንብና የማይነቃነቅ ይዞታ ባንድ ላይ የነበራቸው ቤተ መንግሥቱና ቤተ ክርስቲያኑ ናቸው። ከጣና ምሥራቅ በይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ያወሱት የወይን ተክልም ከዚህ ዓለም የራቀ አይደለም። ለቅዳሴ ዘቢብ የሚፈልግ ደብር ባለበት አገር ወይን የሚተክል ሰው ነገ ገዥ እንዳያጣ አይሰጋም።

ሌላ የሚፈትነኝ ቦታ ድሬዳዋ ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረችው ከተማ ከዚራ በተባለው ክፍሏ ለምድር ባቡሩ ሠራተኞች የተሠሩ ቤቶች፣ በዛፍ የተከለሉ መንገዶች፣ ቡገንቪሊያ የተንጠለጠለባቸው አጥሮች አሏት። ቤቶቹ የባቡር ኩባንያው ነበሩ፤ ነዋሪው የመጣው በሥራ፣ የሚሄደውም በዝውውር ነው። ባለቤት ያልሆነ ሰው በሰው ግድግዳ ላይ ሐረግ አሳድጓል ማለት ነው? አሳድጓል፤ ነገር ግን የተካዩ እጅና የይዞታው እጅ የግድ አንድ መሆን አለባቸው አላልኩም። ከዚራ ውስጥ ነዋሪው ቢቀያየርም ኩባንያው አይቀያየርም ነበር፤ ግድግዳውም አፈሩም ውሃውም የእሱ ነው። ሐረጉ የሚፈልገው ስሙ በካርታ ላይ የሰፈረ ሰው አይደለም፤ አንድ ሰው ወይም አንድ ድርጅት ሦስቱንም ይዞ ለተክሉ ዋስ እንዲሆንለት ነው። ይህን ማረሚያ በደስታ እቀበላለሁ፤ ክርክሩን ያጠራዋል እንጂ አያፈርሰውም።

አሁን ወደ ቶሮንቶ ብርድ። ብርዱ ቀልድ አይደለም፤ የከተማው አትክልተኛ ለስላሳ ችግኝ ወደ ውጭ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ የቪክቶሪያ በዓል ካለፈ በኋላ፣ ወደ ግንቦት አጋማሽ በኛ ነው። በጥቅምት ውርጩ ይመለሳል። ቡገንቪሊያ በደጅ አይከርምም፤ ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ኮመርሶን በ1760ዎቹ መጨረሻ ብራዚል ላይ ሲያገኘው በሞቃት የባሕር ዳርቻ ነበርና። ግን ቨርጂኒያ ክሪፐር የኦንታሪዮ ተወላጅ ነው። ቦስተን አይቪ፣ ስሙ ቢያታልልም መነሻው ምሥራቅ እስያ የሆነው፣ የቶሮንቶን በረዶ ይችላል። በ1860ዎቹ በእንግሊዝ ከጃክማን የችግኝ ጣቢያ የወጣው ሐምራዊው ክሌማቲስ በየዓመቱ እስከ መሬት ድረስ ቢቆረጥ እንኳ በፀደይ ከሥሩ እንደ አዲስ ይነሳል፤ አበባውን የሚያወጣው በዚያው ዓመት ቡቃያ ላይ ስለሆነ ብርዱ የሚነጥቀው ነገር የለም። እነዚህ ሁሉ ብርዱን የሚችሉት ግን ሥራቸው መሬት ውስጥ ከሆነ ነው። መሬት ከላይ ብቻ ይቀዘቅዛል፤ በዐሥረኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ያለ ሳጥን በአራቱም ጎን፣ ከሥርም ከላይም ይቀዘቅዛል። እዚያው ሰፈር፣ እዚያው ሌሊት፣ አንዱ ክሌማቲስ ከርሞ ሌላው ይሞታል፤ ልዩነቱ ዲግሪው ሳይሆን የቆመበት አፈር ነው። በብርድ የሚያሳብብ ሰው ሳያውቀው ስለ መሬት እያወራ ነው።

የልማድ ክርክሩ ከዚህ ይረቅቃል። ክሬሰንት ታውንና አጠገቡ ያለው የዳንፎርዝ ጎዳና ዛሬ በቶሮንቶ የባንግላዴሽ ተወላጆች በብዛት የሚኖሩበት ነው፤ ከዚያ በባቡር አራት ጣቢያ ወደ ምዕራብ ሲኬድ ግሪንውድ አካባቢ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የተሰበሰቡበት፣ ሊትል ኢትዮጵያ የሚባለው የዚያው ጎዳና ክፍል ነው። ሁለቱም ማኅበረሰቦች ጓሮ ማለት ጎመን ነው ብለው ያደጉ ሰዎች አሉባቸው። ቤንጋሊው በክር የሚያወጣው "ላው" የኛው ቅል ነው፤ "ሺም" የሚለው ባቄላ መሰል ሐረግ ደግሞ ዘሩ ከአፍሪካ የወጣ ላብላብ ነው። ስለዚህ፣ ይላል ተቃዋሚው፣ እነዚህ ሰዎች ለጌጥ አይተክሉም። እኔ ግን የቅል አበባ ሲመሽ ነጭ ሆኖ ሲፈካ ጌጥ አይደለም የሚለውን አልቀበልም። ላብላብንም የሰሜን አሜሪካ አትክልተኞች ለሐምራዊ አበባውና ለሚያብረቀርቅ ቆባው ሲሉ ብቻ በአጥራቸው ላይ ያወጡታል፤ አንዱ ጋ ወጥ፣ ሌላው ጋ ጌጥ ነው። ቅልና ላብላብ በረንዳ ላይ አንድ የሚያደርጋቸው መበላታቸው ሳይሆን ከግንቦት እስከ መስከረም ሥራቸውን ጨርሰው መሄዳቸው ነው፤ ላብላብ በሞቃት አገር ከዓመት በላይ ሊቆይ ቢችልም በቶሮንቶ እንደ ዓመታዊ ይዘራል። ከተማው በየሰፈሩ የሚያከራያቸው የአትክልት ቦታዎችም ፈቃዳቸው በየወቅቱ ስለሆነ እዚያም የሚዘራው ያው በወቅቱ የሚያልቀው ነው። በሌላ በኩል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቶሮንቶ የገቡት ጣሊያኖችና ፖርቱጋሎች እንደኛው ከጓሮ የሚበሉ ሰዎች ነበሩ። ቤት ለመግዛት ቸኮሉ፤ ገዝተውም በጓሯቸው የወይን ዳስ ሠሩ። ወይን ዓመታት የሚፈልግ ሐረግ ነው። ልማድ ቢሆን ኖሮ ተከራይ ሳሉም በተከሉት ነበር። የአዲስ አበባውም ምስክር ይኸው ነው፦ ያንኑ ጎመን ወዳድ ሰው የግል ግቢ ስጠውና ከአጥሩ ላይ ቡገንቪሊያ ታገኛለህ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ የሕንፃው ነው። ክሬሰንት ታውን ከመሬት በላይ በመድረክ ላይ የተሠራ ሰፈር ነው፤ ከግድግዳው ሥር ያለው አፈር ሳይሆን የመኪና ማቆሚያ ጣሪያ ነው። ባለቤትነቱ ምንም ይሁን ምን፣ ኮንክሪት ላይ ሐረግ አይተከልም። ይህን ከግማሽ በላይ እቀበላለሁ። ዴንቶኒያን የመሰለ የእርሻ አፈር ባለበት ቦታ ላይ ነዋሪውን ከአፈሩ ማንሳት ትልቅ ኪሳራ ነበር፤ ያን ኪሳራ ያመጣው ሕግ ሳይሆን ንድፍ ነው። ይሁን እንጂ በኮንክሪት ጣሪያ ላይ ግማሽ ሜትር አፈር የሚይዝ መደብ መሥራት የታወቀ ሥራ ነው፤ ቨርጂኒያ ክሪፐርም ለመነሻ ከዚያ ብዙ አይጠይቅም። የሚከለክለው ከአፈሩ ሥር ያለው ውሃ መከላከያ ነው። በየተወሰነ ዐሥርተ ዓመት ይታደሳል፤ ሲታደስ ከላዩ ያለው አፈርና ተክል ሁሉ ይነሳል። የዘመኑ ፎቆች በረንዳም እንደዚሁ ነው፤ ኮንክሪቱ ሲጠገን ነዋሪው በረንዳውን ባዶ ያደርጋል። መቼ እንደሚታደስ፣ ተክሉ ተመልሶ ይተከል አይተከል የሚወስነው የኮንዶሚኒየሙ ማኅበር ወይም አከራዩ ነው። ስለዚህ ንድፉ ራሱ ተመልሶ ያው ጥያቄ ላይ ይጥለናል። የሐረግ ንጣፍ ግድግዳ ይጎዳል የሚለውም እንዲሁ ነው። የላላ ስሚንቶ ያለበትን ጡብ ሊጎዳ ይችላል፤ መፍትሔው ከግድግዳው ጥቂት ሳንቲ ሜትር የራቀ ፍርግርግ ነው። ፍርግርግ ግን ብሎን ይፈልጋል፣ ብሎን ፈቃድ ይፈልጋል።

የኦንታሪዮ ተከራይ በሕግ የተጠበቀ ነው፣ የአንድ ዓመት ውሉ ሲያልቅ በወር በወሩ እየቀጠለ ያለ በቂ ምክንያት አይባረርም፤ ታዲያ ዓመታት የሉትም ማለት ይቻላል? የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የኪራይ ሕግ ይህን ዋስትና በእርግጥ ይሰጣል፣ ሃያ ዓመት በአንድ ቤት የኖረ ተከራይም አለ። ሆኖም ዋስትናው ለመኖር ነው፤ የግድግዳው የውጭ ገጽ ከውሉ ውጭ ነው። የቀበሌ ቤት ነዋሪውን እናስታውስ። ለረጅም ጊዜ መቆየትና ግድግዳን መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሲኖር ሌላው ላይኖር ይችላል፤ ሐረጉ ደግሞ ሁለቱንም ይጠይቃል።

የይዞታ እርግጠኝነት በሚተከለው ነገር ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ለማየት ከአማራ ክልል የተሻለ ቦታ ማሰብ ያስቸግረኛል። ከመሬት ለአራሹ በኋላ በተደጋጋሚ፣ በመጨረሻም በ1989 ዓ.ም. መሬት ሲሸነሸን ያየ ገበሬ ነገ ለሌላ በሚደርስ ማሳ ላይ ዛፍ መትከልና እርከን መሥራት ምን ያደርግልኛል ቢል የሚፈረድበት አልነበረም። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ክልሉ ለእያንዳንዱ ባለይዞታ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ጀመረ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደብተር የደረሳቸው ገበሬዎች በአፈርና ውሃ ጥበቃ ላይ የሚያውሉት ጉልበት መጨመሩን አሳይተዋል። አፈሩም ዝናቡም ገበሬውም ያው ነበር፤ የተለወጠው ደብተሩ ነው። እርከን ጌጥ አይደለም፣ ገበሬውም ስለ ክሌማቲስ አላሰበም። ዓመታት የሚጠይቅ ሥራ ሁሉ ግን የሚገዛው በአንድ ሕግ ይመስለኛል፤ የጌጥ ሐረግ ከዚህ የሚለየው ከሁሉ ቀድሞ የሚቀር በመሆኑ ብቻ ነው። ሰው ነገ ሊነሳ ከሆነ መጀመሪያ የሚተወው የማይበላውን ነው።

አዲስ አበባ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በጋራ መኖሪያ ቤቶች ስትሞላ፣ ግድግዳን ለሁለት የሚከፍለው ሕግ ከቶሮንቶ ወደ ሠላሳ አምስት ዓመት ዘግይቶ ደርሷታል፤ አዋጅ ቁጥር 370/1995 በየሕንፃው የውጭ ግድግዳውን ከጋራ መጠቀሚያ ይቆጥረዋል። በየብሎኩ ምድር ቤት የደረሳቸው ሰዎች ከመስኮታቸው ፊት ያለችውን ጭረት መሬት በእንጨት ወይም በሽቦ ከልለው አበባና ጎመን ይተክሉባታል፤ ማኅበሩ ዝም ካለ ሐረጉ ይወጣል፣ ማኅበሩ ከከለከለ ይነቀላል። ክሬሰንት ታውን ለዚህ የሚሰጠው መልስ እንግዳ ቢመስልም በሕግ የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. የ1998ቱ የኦንታሪዮ ኮንዶሚኒየም ሕግ አንድ የቤት ባለቤት የጋራውን ንብረት መለወጥ ሲፈልግ የማኅበሩን ቦርድ አስፈቅዶ ውል እንዲገባ ይፈቅዳል። ውሉ ወጪውን ማን እንደሚሸከም፣ ማን እንደሚጠግን፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚጠየቅ ያስቀምጣል፤ በመርህ ደረጃም በቤቱ የባለቤትነት መዝገብ ላይ ተመዝግቦ ቤቱን ወደፊት የሚገዛውን ሁሉ ያስገድዳል። በዚህ መንገድ በደቡቡ ግድግዳ ላይ ብሎን ተመትቶ የወጣ ክሌማቲስ በጽሑፍ የተያዘ ግድግዳ የሚኖረው ሐረግ ይሆናል፤ ተካዩ ቤቱን ሸጦ ቢሄድም መቆረጡና ውሃ መጠጣቱ የአዲሱ ገዥ ግዴታ ነው።